በዋልካ መሬት ላይ አዲስ የተሠራ ቤት አመረማመርና አረካከብ

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ዙሪያ፣ ከመተማ ዮሐንስና ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ፣ በላይ በኩልም እስከ ሑመራና ሐምዳይት ድረስ የተዘረጋው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ባዛልት ድንጋይ በረጅም ዘመን በስብሶ የሠራው ሸክላ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍሉ እጅግ ደቃቅ የሸክላ ቅንጣት ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሚያዝያና በግንቦት እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያለበት እርሻ በነሐሴ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ማሽላና ሰሊጥ የሚስማማቸው ይህ አፈር ለቤት አይመችም፤ የተሸከመውን ግድግዳ በየክረምቱ ያነሣዋል፣ በየበጋው መልሶ ያወርደዋል። ችግሩ ቤቱን እኩል አለማንሣቱ ነው። አንዱ ጥግ ወጥቶ ሌላው ባለበት ሲቀር ግድግዳው ይሰነጠቃል።

የአካባቢው ነባር ጎጆ በዚህ አይጎዳም ነበር። እንጨቱና ሣሩ ቀላልና እንደልብ የሚተጣጠፍ ስለሆነ መሬቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ የተላቀቀውን ደግሞ ባለቤቱ በዓመቱ ያስረዋል። የተቃጠለ ጡብ፣ ብሎኬትና ኮንክሪት ግን መተጣጠፍን አያውቁም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀለ ብዙ ሰው ተቀብላለች፤ ድንበሩም በመተማ በኩል የስደተኛ መውጫ ሆኗል። ማደሪያ በሚፈለግበት እንዲህ ባለ ጊዜ ለኪራይ ተብሎ በጥድፊያ የሚቆም ቤት ይበዛል። በጥድፊያ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ከዐይን የሚሰወረው ነገር፣ ማለትም የመሠረቱ ጥልቀት፣ የሙሌቱ ጥቅጠቃና የኮንክሪቱ ውኃ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ቤት ለመግዛት፣ ለመረከብ ወይም ለረጅም ጊዜ ለመከራየት ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምርመራው ከመሬቱ ይነሣና ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው ግን በተቃራኒው፣ ከቀለሙና ከሴራሚኩ ነው።

መሬቱ

የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን ማወቅ ነው። ከቤቱ ጎን ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ከታችኛው አፈር ጥቂት ይወሰዳል። ፀሐይ ላይ ውሎ በደንብ ሲደርቅ ይወቀጥና በደቃቅ ወንፊት ይነፋል። ከዱቄቱ 10 ሚሊሊትር ያህል ይሰፈራል፤ ከፋርማሲ የሚገኝ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አፉ ተቆርጦ ለመስፈሪያነት ይበቃል። ከዚያም ዱቄቱ ልክ በተጻፈበት፣ ቀጥ ያለና ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመርና ሳይነካ 24 ሰዓት ይቀመጣል። በማግስቱ የረጋው አፈር የያዘው ቦታ ይነበባል። 10 የነበረው ከ15 ካላለፈ አፈሩ ቤት የመጉዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። 20ና ከዚያ በላይ ከደረሰ ግን በዚያ ቦታ ላይ የቆመ ቀላል ቤት ልዩ መሠረት ከሌለው መሰንጠቁ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። የአፈር ላቦራቶሪዎችም ይህንኑ ሙከራ በተሻለ ጥንቃቄ ይሠሩታል፤ የቤት ውስጡ ሙከራ የእነሱን ውጤት አይተካም፣ ላቦራቶሪ መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ ግን ይነግራል።

ቀጥሎ ሠሪው ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው፣ መሠረቱ ምን ያህል ጠልቋል? የሚል ነው። አፈሩ በየወቅቱ የሚያብጥበትና የሚኮማተርበት ጥልቀት ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በዋልካ ላይ 60 ወይም 80 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ በድንጋይ የተገነባ መሠረት ከአፈሩ ጋር አብሮ የሚንሳፈፍ ነው። ገዳሪፍ ከተማ በከፊል የባዛልት ጉብታ ላይ ስለሆነች አንዳንድ ሰፈር ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ እዚያ እስከ ድንጋይ መቆፈር ይቻላል፣ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ድንጋዩ ሩቅ በሆነበት ሜዳ ምርጫው ሦስት ነው፤ ዋልካውን አውጥቶ በማያብጥ አፈር መተካት፣ ግርጌያቸው የሰፋ አጫጭር የኮንክሪት ምሰሶዎች ከሚያብጠው ክፍል በታች መትከል፣ ወይም ቤቱን በሙሉ በወፍራም ቢሞች በተጠናከረ አንድ የኮንክሪት ወለል ላይ ማስቀመጥ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃና የመንገድ ምርምር ተቋም በዚህ የሚያብጥ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ የሱዳን መሐንዲሶችም ለጉዳዩ እንግዳ አይደሉም። እውቀቱ አለ፤ የሚጎድለው በአንድ ፎቅ የኪራይ ቤት ላይ ያን ገንዘብ ማውጣት የሚፈልግ ባለቤት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሙሌቱ ነው። ዋልካው ወጥቶ በምትኩ አሸዋ ወይም ደረቅ ጠጠር ብቻ ከገባ ጉዳቱ ይብሳል። አሸዋው ከዙሪያው የሚመጣውን የዝናብ ውኃ ተቀብሎ በቤቱ ሥር ያቁረዋል፣ ከታቹ ያለው ዋልካም ያንን ይጠጣል። ትክክለኛው ሙሌት ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ፣ የማያብጥ፣ በስስ በስሱ እየተነጠፈና እየረጠበ የተጠቀጠቀ ቀይ አፈር ወይም ሰሌክት ማቴሪያል ነው። ሠሪው ጉድጓዱ ክፍት ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ ካለው ይታያል። ዛሬ ግንበኛ ሁሉ ስልክ ይዞ ይውላል፤ አንድም ፎቶ የለም የሚል መልስ በራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛው፣ መሠረቱ የተቆፈረው በየትኛው ወር ነው? የሚለው ሲሆን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ደርቆ በተሰነጠቀ አፈር ላይ የተጣለ መሠረት ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ሲገባ ከጠርዙ በኩል ወደ ላይ ይገፋል። በመስከረም ማብቂያ፣ አፈሩ ውኃ ጠግቦ ሳለ የተጣለ መሠረት ደግሞ በጋው ሲገፋ ጠርዙ እየደረቀ ይሰምጣል። በሁለቱም መንገድ ከጣሪያው ሥር ያለው መሬት ፀሐይ ስለማያገኘው እርጥበት ቀስ በቀስ እያጠራቀመ መሐሉ ለተወሰኑ ዓመታት ማበጡን ይቀጥላል። እንግዲህ በኅዳር ተጠናቅቆ በታኅሣሥ የሚሸጥ ቤት ምንም ስንጥቅ ባይኖረው ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ገና አልተፈተነም።

የውኃው መንገድ

ሁለተኛው እርምጃ ቤቱን በውጭ በኩል መዞር ነው። ዝናብ ሲጥል ቢሆን የተሻለ ነው፤ ገዳሪፍ በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ በጥቂት ወራት ውስጥ በዶፍ ስለሚወርድ አንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ያሳያል። በበጋ ከሆነ በየጥጉ አንድ ጀሪካን ውኃ ይፈስሳል። ውኃው ከግድግዳው ርቆ ከሄደ መልካም፤ ወደ ግድግዳው ከተመለሰ ወይም እዚያው ከተኛ ይመዘገባል።

በዚህ ዙር በብዛት የሚገኘው ጉድለት የአሸንዳ ነው። ጣሪያው የሰበሰበውን ዝናብ ሁሉ አሸንዳው በአንድ ቧንቧ አውርዶ ከጥጉ መሠረት ላይ ያፈስሰዋል። የጥጉ አፈር ሲያብጥ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ በዚያ ጥግ ያለው የመስኮት ማዕዘን ሲሰነጠቅ ግንበኛው ይወቀሳል። የቧንቧው ጫፍ ውኃውን ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር አርቆ ወደ ቦይ መጣል አለበት። በቤቱ ዙሪያ ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ መኖሩም ይታያል። ንጣፉ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ከተከፈተ ግን እንደሌለ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ውኃው በዚያው ይገባል።

ሌሎቹ የውኃ ምንጮች በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ገዳሪፍ በውኃ እጥረት የታወቀች ከተማ ስለሆነች ብዙ ቤት ውኃ ገዝቶ በበርሜልና በታንከር ያጠራቅማል፤ በአህያ ጋሪ የመጣው ውኃ ሲገለበጥ የሚፈስሰውና ከታንከሩ የሚንጠባጠበው አንድ ቦታ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል። ታንከሩ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ቦታው ይለወጣል። የመጸዳጃ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክም እንደዚሁ ከመሠረቱ መራቅ አለባቸው። ከግድግዳ ሥር የተተከለ አትክልት ለዐይን ደስ ይላል፣ ለመሠረቱ ግን በየቀኑ የሚሰጥ ውኃ ነው። ዛፍ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ለጥላ የሚተከለው ኒም በበጋ ከዋልካው እርጥበት መጥጦ በአንድ በኩል ያደርቀዋል፤ ከቤቱ ያለው ርቀት አድጎ ከሚደርስበት ቁመት ባያንስ ይመረጣል። መንገዱ በግሬደር ተሞልቶ ከበሩ ደፍ በላይ ከወጣ ደግሞ ግቢው በየክረምቱ ኩሬ ይሆናል፤ ይህ የሠሪው ጥፋት ባይሆንም በዋጋው ላይ ሊቆጠር ይገባል።

ስንጥቅ ማንበብ

ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም። በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ ስስ መስመር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወር ለሳኙ ውኃ ሳያጠጣ በመሄዱ የመጣ ነው፤ ያስቀይማል እንጂ አይጥልም። ኮለኑና ብሎኬቱ በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመርም የሁለት የተለያዩ ነገሮች መጋጠሚያ ነው፤ መጀመሪያውኑ የሽቦ መረብ ተደርጎበት ቢለሰን አይታይም ነበር። የመሬቱን እንቅስቃሴ የሚናገረው ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ በኩል እንደ ደረጃ እየታጠፈ በሰያፍ የሚሄደው ነው። ይህ ስንጥቅ ውስጡም ውጭውም ላይ በአንድ ቦታ ከታየ ግድግዳውን ዘልቆታል ማለት ነው።

ከዚያ ስፋቱ የት እንደሚበዛ ይታያል። ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ጥጎቹ ሰምጠዋል ወይም የቤቱ መሐል ተነሥቷል። ወደ ታች እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ጠርዞቹ አብጠው ተነሥተዋል፤ ይህ በመጀመሪያው ክረምት የተለመደ ነው። ለስፋቱ መለኪያ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ይበቃል። የባንክ ካርድ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ያንሳል፤ የተለመደ እርሳስ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም ባወጣው አመዳደብ እስከ 1 ሚሊሜትር ያለው ስንጥቅ በቀለም ቅብ የሚጠፋ፣ እስከ 5 ሚሊሜትር ያለው ቀላል፣ ከ5 እስከ 15 ያለው መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 25 ያለው ከባድ፣ ከዚያ ያለፈው እጅግ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ስለዚህ ካርዱ የማይገባበት ስንጥቅ ተመዝግቦ ይታለፋል፤ እርሳሱ የገባበት ቤት ግን መሐንዲስ ሳያየው ገንዘብ አይከፈልበትም።

ከአንድ ቀን መጠን ይልቅ የሚበልጠው ለውጡ ነው። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ አጭር መስመር ተሰምሮ ከጎኑ ቀኑ ይጻፋል። በግራና በቀኙ ሁለት ትንንሽ ሚስማር ተመትቶ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየወሩ ይለካል። በክረምት ጠብቦ በበጋ የሚሰፋ ስንጥቅ ከዝናቡ ጋር የሚተነፍስ ነው፤ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑ አያከራክርም። ወቅት ሳይለይ እየሰፋ የሚሄደው የተለየ ምርመራ ይፈልጋል።

በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ትኩስ ቀለም፣ ወይም ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወረደ አዲስ የልስን ጠባሳ ሲታይ ሻጩ ምን እንደሸፈነ በግልጽ ይጠየቃል።

ውኃ ልክና ቱንቢ

የወለሉን ልክ ለማወቅ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ስስ የላስቲክ ቱቦ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ያላነሰ ይሠራል። አንዱ ጫፍ በአንድ ጥግ ተይዞ ሌላው በየክፍሉ ይዞራል፣ ውኃው የቆመበት ከፍታም በግድግዳው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቱ እስከ ወለሉ ያለው በሜትር ይለካል። በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ 1 ሳንቲሜትር ልዩነት መሬት በመንቀሳቀሱ የመጣ ከሆነ ግድግዳ መሰንጠቅ የሚጀምርበት መጠን ነው፤ የዚህ እጥፍ ሲደርስ ኮለንና ቢምም ሊጎዳ ይችላል።

ነገር ግን ወለሉ መጀመሪያውኑ ጠማማ ተደርጎ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የብሎኬቱ ረድፍ ይታያል። ረድፉ ቀጥ ብሎ ሊሾው ብቻ ካዘነበለ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው፤ ረድፉም፣ የመስኮቱ ደፍም፣ ሊሾውም ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ቤቱ ተንቀሳቅሷል። በሮቹም ይመሰክራሉ። በላይኛው ጫፍ በአንድ በኩል ጠብቦ በሌላው የሰፋ ክፍተት ያለው፣ ወይም ታችኛው ጠርዙ በመላጊያ በቅርቡ የተላገ በር ፍሬሙ ከማዕዘኑ መውጣቱን ይናገራል። ግድግዳዎቹ በቱንቢ፣ ማዕዘኖቹ በስኳድራ ይታያሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ኮንክሪቱና ብሎኬቱ

ኮንክሪት ጥንካሬውን የሚያገኘው በመድረቅ ሳይሆን እርጥበቱን ይዞ በመቆየት ነው፤ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ሊጠጣ ይገባል። ውኃ በበርሜል በሚገዛበት ከተማ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ይህ ሥራ ገንዘብ ነውና ይዘለላል። ያልጠጣ ኮንክሪት በሚስማር ሲፋቅ እንደ ኖራ ይረግፋል፣ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ የጠራ አይደለም። በኮለኖቹ ግርጌ ጠጠሩ ያለ ሲሚንቶ ገጦ ከታየ ቫይብሬተር በደንብ አልገባበትም፤ ብረት ጎልቶ ከወጣ ደግሞ ዝገቱ ከወዲሁ ተጀምሯል።

አሸዋው ክረምት ከሚሞሉ ወንዞች የተዛቀ ከሆነ ደለል ይኖረዋል። ግንባታው ገና ካላለቀ አንድ ጠርሙስ ግማሹ አሸዋ፣ ቀሪው ውኃ ሆኖ ይናወጥና ይቀመጣል፤ ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው ጋር ይነጻጸራል። የኢትዮጵያ መመዘኛ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ታጥቦ እንዲሠራበት ወይም እንዲጣል ያዛል።

ጣሪያ፣ ምስጥ፣ ቧንቧ

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አቧራ ተሸክሞ የሚመጣው ኃይለኛ ነፋስ፣ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት፣ ጣሪያ ያነሣል። የጣሪያው እንጨት ከላይኛው ቢም ጋር በብረት መታሰሩ፣ ቆርቆሮውም በበቂ ምስማር መመታቱ በውስጥ በኩል ተወጥቶ ይታያል። ቆላው የምስጥ አገር ስለሆነ በግድግዳው ላይ ወደ ጣሪያ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካለ ተፍቆ በሦስተኛው ቀን መልሶ መሠራቱ ይጠበቃል፤ ከተሠራ ምስጡ በሕይወት አለ።

ለቧንቧ ያለው ፈተና ቀላል ነው። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ በታንከሩ ላይ የውኃው ልክ ይሰመራል፤ ጠዋት ከወረደ ከወለሉ ሥር የሚያፈስስ መስመር ሊኖር ይችላል። በሌላ አፈር ላይ ይህ የውኃ ሒሳብ ጉዳይ ነበር፤ በዋልካ ላይ ግን ወለሉን ከመሐሉ የሚያነሣ ነገር ነው።

ጥገናና የርክክብ ወረቀት

የጥገናው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል። መጀመሪያ ውኃው ይያዛል፤ አሸንዳው ይስተካከላል፣ ዙሪያው ይነጠፋል፣ ታንከሩ ይርቃል፣ የሚያፈስሰው ይደፈናል። ከዚያ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ይጠበቃል፣ ስንጥቁም በየወሩ ይለካል። ብዙ ቤት ከዚህ በኋላ ይረጋጋል። የልስኑና የቀለሙ ተራ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ በመካከል የሚደረግ ልስን ገንዘብ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም፣ ማስረጃንም ያጠፋል። የሰመጠውን ጥግ ብቻ ቆፍሮ በኮንክሪት ማጠናከርም ያለ መሐንዲስ ምክር አይደረግም፤ አንዱ ጥግ ጸንቶ ሌላው ከአፈሩ ጋር ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

ውሉ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ከዋጋው የተወሰነው ክፍል የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ እንዲያዝ መስማማት ከየትኛውም ምርመራ ይልቅ ሠሪውን ያስጠነቅቃል። በርክክቡ ቀን የተገኘው ጉድለት ሁሉ በክፍል በክፍሉ ተጽፎ፣ ፎቶግራፍ ተያይዞበት፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበታል። በሱዳን በኩል ውሉ በዐረብኛ ይጻፋል፤ ዐረብኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ ከመፈረሙ በፊት በሚያምነው ሰው ያስነብበው፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

በኢትዮጵያ በኩል፣ መተማም ሆነ ሑመራ፣ ሕጉ ለቤቱ ባለቤት ጥሩ መሣሪያ ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጥራትና ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ኃላፊነቱም በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ የቆመበት መሬት በባሕርዩ ባመጣው ጉዳት ጭምር ነው። ስለዚህ «አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» የሚለው የተለመደ መልስ ተቋራጩን ነጻ አያወጣውም። ዐሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ቤቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ የርክክቡ ወረቀት ያለ ቀንና ያለ ፊርማ ከእጅ አይውጣ።